ስለ መንገደኛው ስለ ጄምስ ብሩስና በአገራችን ስላያቸው ወፎች

በብቸናና በሞጣ መካከል ባለችው በግንደ ወይን አገር ያደገ ልጅ ስለ ወፍ የሚያስተምረው አያስፈልገውም የሚል ይኖር ይሆናል። እውነትም ነው፤ ከብት ሲጠብቅ ቆቁ ከእግሩ ሥር ይነሣበታል፤ አዝመራው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን እያጮኸ ወፍ ይጠብቃል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሲሄድ በቅጽሩ ካለው ከወይራውና ከጽዱ ደን ውስጥ የዋኖሱንና የርግቡን ድምፅ ይሰማል። ነገር ግን ወፍን ማየትና ወፍን መመልከት አንድ አይደለም። አዝመራ ጠባቂ ወፍን የሚያየው ሊያባርር ነው፤ አዳኝም የሚያየው ሊገድል ነው፤ ወፊቱ ምን እንደምትበላ፣ ወዴት እንደምትሄድ፣ የአገሩ ሰው በምን ስም እንደሚጠራት ለማወቅ ብሎ ቆሞ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው።

ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ ከሩቅ አገር ወደ እኛ የመጣው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ ነበረ። ይህ ሰው የዓባይን ምንጭ ለማየት መምጣቱን ብዙ ሰዎች ያውቃሉ፤ በየመንገዱ ስላያቸው ወፎች መጻፉን ግን የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ሕይወቱን ከወፎቹ ጋራ አያይዘን እንተርካለን፤ መልካሙንም ጥፋቱንም አንሰውርም። የምንጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ጄምስ ብሩስ በ1730 ዓ.ም. በዴሴምበር 14 ቀን በስኮትላንድ ኪኔርድ በሚባል የአባቱ ርስት ተወለደ። ወገኖቹ ባለ ርስትና የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። አባቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሰደደው፤ ከዚያም በኤዲንብራ ከተማ ሕግ እንዲማር አደረገው፤ እርሱ ግን ሕግን አልወደደም። በ1754 ዓ.ም. አድሪያና አለን የምትባል የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ፤ ነገር ግን ጋብቻቸው ዓመት ሳይሞላው ሚስቱ በሳንባ በሽታ በፓሪስ ከተማ ሞተችበት። ከዚህ በኋላ ልቡ በአንድ ስፍራ ሊያርፍ አልቻለም፤ ወደ ጶርቱጋልና ወደ እስጳንያ ሄደ፤ ዐረብኛም ተማረ። ቀጥሎም የጀርመኑ ሊቅ ሉዶልፍ የጻፋቸውን መጻሕፍት አግኝቶ ግእዝን አጠና። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ሉዶልፍን ግእዝና አማርኛ ያስተማሩት የአማራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ናቸውና፤ ብሩስ አገራችንን ሳያይ ከአገራችን መምህር ተምሯል ማለት ይቻላል።

በ1763 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት በአልጄርስ ቆንሲል አድርጎ ሾመው። ሹመቱን በ1765 ዓ.ም. ትቶ በሰሜን አፍሪቃና በሶርያ ያሉትን የጥንት ፍርስራሾች እየዞረ ተመለከተ። በዚህም ጊዜ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የኢጣልያ ሠዓሊ፣ የቦሎኛ ከተማ ልጅ፣ በደመወዝ ተቀጥሮ ከርሱ ጋራ ሆነ። የዚህን ወጣት ስም አንባቢ እንዳይረሳ እለምናለሁ፤ ኋላ ይፈለጋልና። ብሩስ ጥቂት ሕክምናም ተማረ። ይህንም ያደረገው ሐኪም በማያውቀው አገር ሁሉ በር እንደሚከፈትለት ስላወቀ ነው።

በ1768 ዓ.ም. ወደ ምስር መጣ፤ በቀይ ባሕርም ተሻግሮ በ1769 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር ምጽዋ ደረሰ። በዓድዋና በአክሱም በኩል አልፎ ወደ ጎንደር ሲጓዝ ከመንገዱ ሁሉ ከባዱ ሊማሊሞ ነበረ፤ ሽቅቡ ያጓጓዙትን ከብቶችና ሰዎቹን አድክሞ ነበርና አሽከሮቹ ከተራራው ራስ ላይ ሲደርሱ ዐረፉ፤ የፍየል ሥጋም ቀቀሉ። እነርሱ ተቀምጠው ሳለ ንስር የመሰለ ታላቅ አሞራ ከምድር ብዙ ሳይርቅ ቀስ ብሎ እየበረረ መጣና ሥጋው አጠገብ ዐረፈ። ሰዎቹ ደንግጠው ወደ ጦራቸውና ወደ ጋሻቸው ሮጡ። አሞራው ግን ሰውን ከምንም ሳይቈጥር እግሩን በሚፈላው ድስት ውስጥ አገባ፤ ውሃው ሲያቃጥለው ለቀቀና በገበታ ላይ የተቀመጠውን የፍየል እግርና ወርች በሁለት እግሩ ጨብጦ ሄደ። አህያ ነጂዎቹ ይህን አሞራ ያውቁት ኖሮ ለቀረው ሥጋ ተመልሶ እንደሚመጣ ለብሩስ ነገሩት። እርሱም ጠመንጃውን አዘጋጅቶ ጠበቀ፤ አሞራውም እንደ ተባለው ተመለሰ፤ ብሩስም ተኵሶ ገደለው።

እስከዚህ ድረስ የአዳኝ ሥራ ነው፤ የሚያስገርም የለበትም። ተመልካች መሆኑ የታወቀው ከገደለው በኋላ ነው። ክንፉን ዘርግቶ ለካው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአገሩ መለኪያ 8 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ይኸውም ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ሆነ። ከአገጩ በታች እንደ ጢም ያለ ጠጕር እንዳለው ጻፈ። ከዚህም ይልቅ የሚደንቅ ነገር አገኘ፤ አሞራውን ባነሣው ጊዜ እጁ ብጫ ዱቄት በሚመስል ትቢያ ተሸፈነ፤ ገልብጦ ጀርባውን ሲመረምር ደግሞ የጀርባው ትቢያ ላባው እንዳለው ቡናማ ሆኖ አገኘው። ይህ ትቢያ ከወዴት እንደ መጣ እርግጡን ሊያውቅ አልቻለም፤ ሆኖም ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ጻፈው። ዛሬ የወፍ ሊቃውንት የዚህን ባለ ጢም አሞራ ጠባይ አጥንተዋል፤ ይህ አሞራ ብረት ያለበትን ቀይ አፈር እየፈለገ በጭቃው ይታጠባል፤ ነጭ የነበረው የአንገቱና የደረቱ ላባም በአፈሩ ይቀላል። እንግዲህ በብሩስ እጅ ላይ የቀረው ትቢያ እንዲህ ያለ አፈር ሳይሆን አይቀርም። ምግቡም ከሁሉ ይልቅ አጥንት ነው፤ አጥንቱን ወደ ላይ ይዞ ይወጣና በዐለት ላይ ጥሎ ሰብሮ ቅልጥሙን ይበላል። ዛሬም በስሜን ተራሮች ይኖራል። ብሩስ ስለ ክብደቱ የጻፈው ግን የበዛ ይመስላል፤ 22 ፓውንድ፣ ይኸውም 10 ኪሎ ያህል ነው ብሏል፤ በዚህ ዘመን የተመዘኑት ግን ከ8 ኪሎ አያልፉም።

በ1770 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ጎንደር ገባ። ያን ጊዜ በዙፋን የነበሩት ወጣቱ አፄ ተክለ ሃይማኖት ሁለተኛው ነበሩ፤ ሥልጣኑ ግን በትግሬው ገዥ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረ። በቍስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ልጆችን ይገድል ነበርና ብሩስ ተጠራ። እርሱም የተዘጋውን በርና መስኮት ሁሉ አስከፈተ፤ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሞቀ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ። ከታመሙት መካከል የራስ ሚካኤል ሚስት የወይዘሮ አስቴር ልጅ ዳነ። በዚህም ምክንያት እቴጌይቱም ወይዘሮዋም ወደዱት፤ ንጉሡም ባለሟል አደረጉት። አገሩ ግን በጦርነት ይታመስ ነበርና ወደ ዓባይ ምንጭ ለመሄድ መንገድ አላገኘም። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ጢስ ዓባይን አየ፤ ወደ ምንጩ ሊያልፍ ግን ሳይችል ተመለሰ።

ሁለተኛ ጊዜ የተነሣው በኦክቶበር 28 ቀን ነው። በጣና ባሕር ምዕራብ በኩል ዞሮ ወደ ጎጃም ገባ። የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ወልዶ የሚባል መሪ ሰጠው። ከባሕሩ ወዲያ መንገዱ በብዙ ስፍራ በዛፍ ጥላ ውስጥ ያልፋል፤ ዝናም ካቆመ ብዙ ቀን አልሆነም ነበርና ምድሩ በአበባ ተሸፍኖ ነበር፤ በዛፎቹም ላይ ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆነ ብዙ ወፎች እንዳየ ጽፏል። ሌላው መንገደኛ ወደሚሄድበት ለመድረስ ሲቸኩል እርሱ በየወንዙ ዳር እየቆመ የዛፉን ቅጠልና የወፉን ላባ ይመረምር ነበር፤ ባሉጋኒም ከአጠገቡ ተቀምጦ በቀለም ይሥል ነበር። ስሙንም ሲጽፍ የአውሮጳ ስም አልፈጠረም፤ የአገሩን ሰው ጠይቆ የነገሩትን ጻፈ እንጂ። እርኩምን እርኩም ብሎ ጻፈው፤ ንስርንም ንስር ብሎ ጻፈው። ይህ ትልቅ አስተዋይነት ነው። ብዙ እንግዳ ሰው የሰውን አገር ሲያይ በዚያ የሚኖሩት ሰዎች ለነገሩ ስም ያወጡለት አይመስለውም።

በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ዓ.ም. ከሰከላ በላይ ካለው ኮረብታ ሆኖ የግሽ ዓባይን መስክ አየ። መሪው ወልዶ ምንጩን ለማሳየት ብሩስ ታጥቆት የነበረውን ቀይ የሐር መታጠቂያ ጠየቀውና ተቀበለው። ስፍራው የተከበረ ስለ ሆነ ጫማ እንዲያወልቅ ነገሩት፤ እርሱም አውልቆ ቍልቍል ሮጠ፤ በመንገዱም ሁለት ጊዜ ወደቀ። ውሃው ዘንድ ደርሶ ስለ ንጉሡ ስለ ጊዮርጊስ ሦስተኛው ጠጣ። ነገር ግን ደስታው አልቆየም፤ ይህን ሁሉ ባሕርና በረሓ ተሻግሮ ያገኘው ከአገሩ ወንዞች ምንጭ የማይበልጥ ትንሽ ውሃ መሆኑን ባየ ጊዜ ታላቅ ኀዘን ያዘው። የመመለሻውም መንገድ እንደ መምጫው የሚያስፈራ ነበረ።

ብሩስ ወደ ምሥራቅ ጎጃም አልመጣም። ያ የግሽ ውሃ ግን ጣና ገብቶና ወጥቶ፣ በጢስ ዓባይ ወርዶ፣ ጎጃምን እንደ መቀነት ከቦ ከሞጣና ከመርጡለ ማርያም አገር በታች ባለው ጥልቅ ሸለቆ ያልፋል። ይህን ሸለቆ ተከትሎ አካሄዱን በካርታ የጻፈው ሌላ እንግሊዛዊ ነው፤ ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. በዳንግላ ቆንሲል የነበረው ሮበርት ቺዝማን። እርሱም እንደ ብሩስ ወፍ ተመልካች ነበረ፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን ወፎች ለሎንዶን ቤተ መዘክር ሰጥቷል፤ መጽሐፉም በ1936 ዓ.ም. ታተመ። አሁን ግን ወደ ታሪካችን እንመለስ።

ባሉጋኒ በ1771 ዓ.ም. በጎንደር ታሞ ሞተ። ብሩስም በዚያው ዓመት በዴሴምበር መጨረሻ ጎንደርን ትቶ በስናር በኩል ወጣ። በኑብያ በረሓ ግመሎቹ አለቁበት፤ ወረቀቱንና መሣሪያውን ሁሉ በአሸዋ ላይ ትቶ በቈሰለ እግሩ እየተጐተተ በ1772 ዓ.ም. አስዋን ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ነፍሱን ስላተረፈ አምላኩን አመስግኖ በዚያው ይቀር ነበር፤ እርሱ ግን ግመል ተከራይቶ ወደ በረሓው ተመልሶ ዕቃውን ፈልጎ አገኘ። የወፎቹና የዕፀዋቱ ሥዕል፣ ከጎንደርም ያስጻፋቸው የብራና መጻሕፍት እንዲህ ከጥፋት ዳኑ። ከመጻሕፍቱ መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ነበረ። ይህ መጽሐፍ ሙሉው በአውሮጳ ከጠፋ ከብዙ መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ በግእዝ ግን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተጠብቆ ይነበብ ነበር። ብሩስ አንዱን ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፤ አንዱን ለኦክስፎርድ፤ አንዱንም ለራሱ አስቀረ። የኦክስፎርዱ በ1821 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ።

በፈረንሳይ አገር የፍጥረት ሊቅ የነበረው ቡፎን በክብር ተቀበለው። በ1774 ዓ.ም. ሎንዶን በገባ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በመጀመሪያ ሰው ሁሉ ሊሰማው ይሻ ነበር፤ ከሰማው በኋላ ግን ይሥቅበት ጀመር። ስለ ጦር ሠራዊት አበላል የተናገረውን ነገር ማንም አላመነውም፤ ነገሩ ደስ የማያሰኝ ስለ ሆነ እኔም በዚህ አልዘረዝረውም፤ ኋላ የመጡ መንገደኞች ግን በፍጹም ሐሰት እንዳልነበረ መስክረዋል። በዘመኑ እጅግ የተፈራው ጸሓፊ ዶክተር ጆንሰንም ተጠራጠረው። ጆንሰን በወጣትነቱ፣ በ1735 ዓ.ም.፣ ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው የጶርቱጋል ካህን ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን መጽሐፍ ተርጕሞ ነበርና ስለ አገራችን የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ብሩስ ኩሩ ሰው ነበረ፤ ቁመቱም ቍጣውም ትልቅ ነበረ። የሚሣቁበትን ሊያስረዳ አልወደደም፤ ወደ ኪኔርድ ሄዶ ዝም አለ። ዳግመኛ አግብቶ ልጆች ወለደ። በ1785 ዓ.ም. ሁለተኛይቱም ሚስቱ ሞተችና ወዳጆቹ ለኀዘኑ ማስረሻ እንዲሆነው ታሪኩን ይጽፍ ዘንድ ለመኑት። በ1790 ዓ.ም. በአምስት ታላላቅ መጻሕፍት አሳተመው። ከታተመም በኋላ መሣለቁ አልቀረም፤ በ1792 ዓ.ም. ውሸት በመደርደር የታወቀው የባሮን ሙንካውዘን ታሪክ ተከታይ ሲታተም ለብሩስ መታሰቢያ ይሁን ተብሎ በስሙ ወጣ።

ልጆች ሆይ፣ እውነት ተናግሮ ሐሰተኛ መባል ምን ያህል እንደሚመር አስቡ። ከወንድማችሁ ጋራ ውሃ ልትቀዱ ወርዳችሁ ነብር አይታችሁ ብትመለሱና ቤተ ሰቡ ሁሉ ቢሥቅባችሁ እንዴት ያለ ኀዘን ይይዛችኋል! ብሩስ ይህን ኀዘን ሃያ ዓመት ተሸክሞ ኖረ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው የሌላውን ቃል ሲሰማ ታጋሽና ርኅሩኅ ይሆናል ብለን እንጠብቅ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም፤ ይህም በአንዲት ትንሽ ወፍ ምክንያት ተገለጠ።

የወፎቹ ታሪክ ያለው በአምስተኛው መጽሐፍ ነው። እዚያ ውስጥ በአገራችን ማሮክ ትባላለች ብሎ የጻፋት አንዲት ወፍ አለች፤ ስሟም ማር ከሚለው ቃል የወጣ ነው ብሏል። ስለዚህች ወፍ አስቀድሞ ሎቦ ጽፎ ነበር። ሎቦ እንዳለው ወፊቱ በዱር ውስጥ የንብ ማር ስታገኝ ወደ መንገድ ዳር ትመጣለች፤ መንገደኛ ስታይ ክንፏን እያማታች ትጮኻለች፤ እንደ ተከተላት ባወቀች ጊዜ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየበረረች ፊት ፊቱ ትሄዳለች፤ ማሩ ካለበትም ታደርሰዋለች፤ ሰውየውም ማሩን ቈርጦ ለርሷ ጥቂት ይተውላታል። ስፓርማን የተባለው የስዊድን ሊቅም በደቡብ አፍሪቃ ይህችን የመሰለች ወፍ መኖሯን በ1777 ዓ.ም. ጽፎ ነበር።

ብሩስ ግን ይህን ሁሉ አልተቀበለም። ወፊቱ ንብ እየያዘች ስትበላ፣ ከምትበላውም አብልጣ ገድላ ምድር ላይ ስትጥል አይቻለሁ አለ፤ ወደ ማር ትመራለች መባሉን ግን ተረት አደረገው፤ ሎቦንም ሐሰተኛ ብሎ ነቀፈ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ በአገው ምድርና በሜጫ ቀፎ በየቤቱ የተሰቀለ፣ ንብም ስፍር ቍጥር የሌለው ስለ ሆነ፣ ማር እንዲህ በሞላበት አገር ማር የምታሳይ ወፍ መፈጠሯ ለምን ይጠቅማል ብሎ ነበረ። ይህ ነገር የብልህ ሰው ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ክፉ ስሕተት ነው። ስለ አሞራው ትቢያ ምክንያቱን ሳያውቅ ያየውን ጻፈ፤ ስለ ወፊቱ ግን ያላየውን ነገር ምክንያት ሠርቶ የለም አለ። ለንደን ተቀምጠው እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን አይችልም እያሉ የሚሥቁበት ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ደግሞም ቀፎ የሚሰቅል ባላገር ወፍ እንዲመራው አይሻም፤ ማሩ በደጁ ነውና። ወፍ የሚከተለው ቀፎ የሌለው፣ በበረሓና በጫካ የዱር ማር የሚፈልግ ሰው ነው። ብሩስ የተጓዘው ቀፎ በበዛበት አገር ስለ ነበረ ይህን ሳያይ ቢቀር አያስነቅፈውም።

ወፊቱ እውነተኛ መሆኗ ከርሱ በፊትም ከርሱም በኋላ ተመስክሮላታል። ዮሐንስ ዶስ ሳንቶስ የተባለ የጶርቱጋል መነኵሴ በሶፋላ፣ በዛሬው ሞዛምቢክ፣ ሳለ ትናንሽ ወፎች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብተው የመብራቱን ሰም ሲበሉ እንዳየ፣ እነዚህም ወፎች ሰውን ወደ ማር እንደሚመሩ በ1609 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ ጽፎ ነበር። ነገሩም ተገጣጠመ፤ ወፊቱ የምትፈልገው ከማሩ ይልቅ ሰሙንና እጩን ነውና። ንቦቹን በጢስ የሚያባርር፣ ዛፉንም በመጥረቢያ የሚከፍት ሰው ስለሚያስፈልጋት ትጠራዋለች፤ እርሱ ማሩን ይወስዳል፤ የማሩ እንጀራ ለርሷ ይቀራል። በ1989 ዓ.ም. በሰሜን ኬንያ በቦረኖች ዘንድ የተደረገ ምርመራ ታተመ፤ የዱር ማር ፈላጊ ያለ ወፍ ሲሄድ ንብ እስኪያገኝ ድረስ 9 ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር፤ ወፊቱን ሲከተል ግን 3 ሰዓት ያህል ብቻ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሞዛምቢክ ማር ቈራጮች ከአባቶቻቸው የተማሩትን ልዩ ጥሪ ሲጠሩ ወፊቱ ከሌላ ድምፅ ይልቅ ለዚያ ጥሪ እንደምትመጣ ታወቀ። ጥሪውን ያሰሙ ሰዎች ንብ የማግኘት ዕድላቸው ከመቶ 16 ወደ መቶ 54 ከፍ አለ። ወፏ ሰውን ትጠራለች፤ ሰውም ወፏን ይጠራል።

ብሩስ የበደለው ሎቦን ብቻ አይደለም። ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባል የእስጳንያ ተወላጅ ካህን በ1618 ዓ.ም. ከአፄ ሱስንዮስ ጋራ ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አይቶ ጽፎ ነበር። ብሩስ ግን ከአውሮጳ ሰዎች በመጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ ለማለት የፓኤዝን ምስክርነት ክዷል። ከዚህም ሁሉ የሚያሳዝነው የባሉጋኒ ነገር ነው። ያ ወጣት አብሮት በግሽ እንደ ነበረ በራሱ እጅ የጻፈው የመንገድ ማስታወሻ ያስረዳል፤ በብሩስ መጽሐፍ ግን ወደ ምንጩ በተደረገው ጕዞ ላይ ስሙ አይነሣም። ሥዕሎቹን የሣልሁ እኔ ነኝ ብሎ ሊናገር የሚችለው ሰው በጎንደር አፈር ውስጥ ነበርና የሚከራከር አልተገኘም። በሥዕሎቹ ውስጥ የወፎቹን ላባ፣ የዕፀዋቱንም ቅጠል ያየ ሰው የማን እጅ እንደ ሠራቸው ያስተውላል፤ ዛሬም በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማእከል ተጠብቀው ይኖራሉ፤ ሊቃውንትም በ1991 ዓ.ም. የዕፀዋቱን ሥዕሎች በባሉጋኒ ስም በመጽሐፍ አሳተሟቸው።

ይህንም ስንል መልካሙን ሥራ ልናጠፋ አይደለም። ስለ ግብጽ ጥንታዊ ቅዱስ ወፍ የጻፈው ብቻ ቢቀር እንኳ ስሙን ባስጠራው ነበር። በአውሮጳ ያሉ ሊቃውንት ግብጻውያን እንደ ሰው ሬሳ በሽቱ እየገነዙ ይቀብሩት የነበረው ወፍ የትኛው እንደ ሆነ ይከራከሩ ነበር። ብሩስ ዐረቦች አቡ ሐንስ፣ ይኸውም አባ ዮሐንስ፣ የሚሉትን አንገቱ ራሱና የክንፉ ጫፍ ጥቍር፣ ሌላው ገላው ነጭ፣ አፉ እንደ ማጭድ የቈለመመ ወፍ አገኘ፤ በግብጽ መቃብር ከተገኘውም ሬሳ ጋራ አስተያየው፤ አንድ እንደ ሆነም ተናገረ። በኋላ ዘመን የፈረንሳዩ ታላቅ ሊቅ ኩቪየር አጥንቱን መርምሮ ብሩስ ልክ መሆኑን አረጋገጠ። ስሙን የነሡት ሰዎች ይህን በሰሙ ጊዜ እርሱ ሞቶ ነበር።

አሟሟቱም እንዲህ ነው። በ1794 ዓ.ም. በኤፕሪል 26 ቀን በኪኔርድ ቤቱ እንግዶች ጠርቶ ነበር። በመሸም ጊዜ አንዲትን እመቤት ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ በደረጃው ላይ እግሩ ስቶ ወደቀ፤ በማግሥቱ ሳይናገር ሞተ። ከኑብያ በረሓ፣ ከጎንደር ጦርነት፣ ከሊማሊሞ ገደል የተረፈው ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ሞተ። በላርበርት መቃብር በሚስቱ አጠገብ ቀበሩት፤ በላዩም ከብረት የተሠራ ሐውልት አቆሙለት።

ከሞቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1793 ዓ.ም.፣ አንድ የጀርመን ሊቅ በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ ዋልያ ተብላ ለተጻፈችው ርግብ የላቲን ስም ሰጣት። ይህችን ዋልያ የስሜኑ ፍየል ናት ብሎ የሚሳሳት እንዳይኖር እንጂ ስሟስ አንድ ነው። ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ሆዷ ብጫ ነው፤ በቈላው አገር በሾላና በዋርካ ዛፍ ላይ ፍሬ ስትለቅም ትውላለች፤ ላባዋ ከቅጠሉ ጋራ ስለሚመሳሰል ፍሬው ሲረግፍ እንጂ እርሷ ቶሎ አትታይም። በሊቃውንት ዘንድ ዛሬም ትሬሮን ዋሊያ ትባላለች፤ እንግሊዞች ግን የብሩስ ርግብ ይሏታል።